ፖስትዶክ አራት ኪሎ ላይ፦ በማሽላ ማሳና በሰርቨር መካከል

ፒኤችዲ የጨረሱ ልጆች በቴሌግራም የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ፖስትዶክ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «አዲስ አበባ ተቀምጦ የጂኖም ሥራ ይሠራል እንዴ?» ይሉኛል። ይሠራል። እኔ ያለሁት አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሥራዬም የማሽላ ዘረመልና ባዮኢንፎርማቲክስ ነው፤ የማሽላን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዲኤንኤ መረጃውን፣ በኮምፒውተር መተንተን ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ ያየሁትን አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ከቤተሰብ ጀምሮ እስከ ሰው ኃይል ድረስ ሁሉም ግራ ይጋባል። አጎቴ በየበዓሉ «ዶክተር ሆንክ ተብሎ ደግሰን አልነበር? አሁንም ትምህርት?» ይለኛል። ፖስትዶክ ትምህርት አይደለም። ዲግሪ የለውም፤ ምርቃት የለውም። ጊዜው የተቆረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ከፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈል የምርምር ሥራ ነው። ችግሩ እኛ አገር መደቡ ብዙ ቦታ በወጉ አልተዘረጋም። ሰው ኃይል ጋ ስትሄዱ ወይ መምህር ናችሁ፣ ወይ ተማሪ፣ ወይ «የፕሮጀክት ሠራተኛ»። በሳቅ የሚታለፍ ይመስላል። ግን ጡረታው፣ ግብሩ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የላብ መግቢያው፣ ሁሉም በመደባችሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «እኔ እዚህ ቤት ምን ተብዬ ነው የምመዘገበው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ተቀበሉ። ፊርማና ማህተም ያለበት ደብዳቤ።

ቀጥሎ የኮንትራቱን ወር ከዝናቡ ጋር አስተያዩት። ይሄን እንኳን ቀጣሪው፣ ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩም አያነሳውም፤ በተለይ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ። በቆላው፣ ሚኤሶና ቆቦ አካባቢ፣ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ኅዳር አካባቢ ይታጨዳል። የሁለት ዓመት ኮንትራት ማለት እንግዲህ ቢበዛ ሁለት ክረምት ነው። ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ከገባ አንዱ ክረምት ሄደ ማለት ነው። በቀረው አንድ ዓመት ዳታ ደግሞ ሪቪወር (ጽሑፋችሁን የሚገመግመው ባለሙያ) አይለቃችሁም፤ «አንድ ወቅት ብቻ» ብሎ ይመልስላችኋል።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመታችን ጣጣ ይጨመርበታል። ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ለትራክተር ኪራይ፣ ለማዳበሪያ፣ ለቀን ሠራተኛና ለውሎ አበል ብር በሚያስፈልግበት በዚያው ሳምንት ፋይናንስ ሒሳብ እየዘጋ ነው። «ሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ተመለስ» ይባላል። ዝናቡ ግን ሐምሌ ሁለተኛው ሳምንትን አይጠብቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመስክ ወጪውን ጥያቄ ሚያዝያ ላይ አስገቡ፣ ግንቦት ላይ አስወጡ። የግዥ ክፍሉንም ሰዎች በስም እወቋቸው። ቡና ጠጡ አብራችሁ። ይሄ ጉቦ አይደለም፤ ሥራችሁ ለምን በዝናብ እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲኖራችሁ ነው።

ዘሩን ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አገር አቀፉ የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ዘር ለመውሰድ ማመልከቻ፣ ፕሮፖዛልና ስምምነት ይጠየቃል። ዘርም ሆነ ዲኤንኤ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ ነው። ሰዎች ይማረራሉ። እኔ ግን የጤፉን ታሪክ ካስታወስኩ በኋላ ማማረር ትቻለሁ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስንት ዓመት ቆይቶ! ስለዚህ ፎርሙ በዛ ብላችሁ አትናደዱ። ጊዜውን ብቻ አስቀድማችሁ በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። ውጭ ያለው ሸሪካችሁ «ናሙናው የት ደረሰ?» እያለ በየሳምንቱ ኢሜይል ሲልክ የምትመልሱለት ነገር ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የማሽላ ጂኖም አሥር ጥንድ ክሮሞዞም ላይ የተዘረጋ ወደ 730 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው። ይሄ ከእህሎች ውስጥ ገር የሚባል ነው። ጤፍ መጠኑ ከዚህ ብዙም ባይለይም ሁለት ጂኖም ተደርቦበታል፤ የዳቦ ስንዴ ደግሞ ሦስት ጂኖም ተደርቦበት ወደ 16 ቢሊዮን ይደርሳል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነና ባዮኢንፎርማቲክስን እየተማራችሁ የምትሠሩ ከሆነ በስንዴ አትጀምሩ። ማሽላም ቢሆን ቀላል አይምሰላችሁ። አንዱን ዝርያ አሥር እጥፍ ሽፋን ኖሮት (እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ አሥር ጊዜ ተነቦ) ለማንበብ ከሰባት ቢሊዮን ፊደል በላይ ይመጣል። ይህን በጥቂት መቶ ዝርያ አባዙት። ላፕቶፕ ላይ አይታሰብም።

የእኛ መንገድ ይሄ ነው። ከባዱን ሥራ፣ ማለትም ጥሬውን ንባብ (ማሽኑ ያነበባቸውን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ከጂኖም ጋር ማስተካከልና ስኒፕ መጥራትን (ዝርያዎቹ በአንድ ፊደል የሚለያዩባቸውን ቦታዎች መለየትን)፣ በሸሪካችን ሰርቨር ላይ ከዚሁ ከአራት ኪሎ ሆነን እናስኬደዋለን። ወደ እኛ የሚወርደው የስኒፕ ፋይሉ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ 16 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ በአር (R) እና በፕሊንክ (PLINK) ሶፍትዌሮች ይሠራል። ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) መግዛት ያምራል፤ ግን በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እኛ ደግሞ ካርዳችን በብር ነው። ፕሮጀክቱ ውጭ ያለ ሒሳብ ከሌለው እሱን እርሱት።

መብራትና ኢንተርኔት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት ኪሎና ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲቆፈሩ በነበረ ጊዜ መስመሩ እንደ ልቡ ነበር። ሦስት ልማድ ብቻ ያዙ። ሰርቨር ላይ ስትገቡ ሁልጊዜ በቲመክስ ውስጥ ሥሩ፤ እዚህ መብራት ቢጠፋ ሥራው እዚያ ይቀጥላል። ፋይል ስታወርዱ ከተቆረጠበት በሚቀጥል ትእዛዝ አውርዱ። ሲያልቅ ደግሞ ሙሉ መድረሱን በኤምዲ5 አረጋግጡ። ጥሬውን ዳታ ከፈለጋችሁ ግን ኔቱን ተዉት፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው በሃርድ ዲስክ ይዞላችሁ ይምጣ። ቦሌ ኤርፖርት እስካሁን ከማውቀው ሁሉ ፈጣኑ የዳታ መስመር ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው ባዮኢንፎርማቲክስ ሲባል ኮድ ይመስለዋል። ኮዱ ይለመዳል። ዛሬ ቻትጂፒቲም ይጽፍላችኋል፤ እኔም አጽፈዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። እናንተን የሚያስፈልግ ሰው የሚያደርጋችሁ ቁጥሩ ከየት ማሳ፣ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደመጣ ማወቃችሁ ነው። ብሪደሩ (ዝርያ የሚያሻሽለው ባለሙያ) ኮድ አያውቅም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ልጅ ማሽላ አያውቅም። መሀል ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጂዋስ የሚባል ትንተና አለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ስኒፕ ማሳ ላይ ከተለካው ባሕርይ ጋር አገናኝቶ የትኛው የጂኖም ክፍል ከባሕርይው ጋር እንደሚሄድ ይፈልጋል። የምርት ቁጥራችንን አስገብተን ስናስኬደው ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ጥሩ ከፍታ (ጠንካራ ግንኙነት የሚያሳይ የግራፍ ጫፍ) ወጣ። በዚያ አካባቢ የታወቀ ጂን አለ፤ ኤምኤ1 ይባላል፤ ማሽላው መቼ እንደሚያብብ ከሚወስኑት አንዱ ነው። ውጤቱ ቶሎ የሚያብቡት ምርታቸው ዝቅተኛ ነው የሚል ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ጂኑ የታወቀ፣ ከፍታው የጠራ። «በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለረዘመ ዘግይቶ የሚደርሰው ተጠቀመ» ብሎ አንድ አንቀጽ መጻፍ ይቻላል። ሪቪወርም ያልፈዋል ብዬ እገምታለሁ።

ማሽላው የተዘራበት የምርምር ጣቢያ ላይ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ የመስክ ረዳት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ቶሎ የደረሱት ምነው ምርታቸው አነሰ?»

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ግሪሳ የሚበላው ቀድሞ የደረሰውን አይደል እንዴ? ሌላው ገና አበባ ላይ እያለ እነሱ ፍሬ ይዘው ቆመዋል። ወፍ ጠባቂ እንደሆነ አልበቃንም።»

ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና የትኛው ፕሎት (የማሳው ቁራጭ) ምን ያህል እንደተበላ ያነቡልኝ ጀመር። መረጃው ነበረ። ኤክሴሉ ላይ ግን አልነበረም፤ ኤክሴሉ «የወፍ ጉዳት» የሚል ዓምድ አልነበረውማ! ያንን ዓምድ ጨምረን ትንተናውን እንደገና ስናስኬደው ከፍታው ወደ መሬት ቀረበ። ምርት ያልነው ነገር በከፊል የወፍ ምሳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማሳው ላይ ሳልገኝ ዳታ አልተነትንም። በየሳምንቱ መሄድ አይቻልም፤ አበሉም አይፈቅድም። ግን ቢያንስ ሲያብብና ከመታጨዱ በፊት እሄዳለሁ። ጋሼንም «ደብተርዎን ፎቶ አንስቼ ልያዝ?» እላቸዋለሁ። በነገራችን ላይ ስማቸው በፔፐሩ የምስጋና ክፍል ውስጥ አለ። የእናንተም ጋሼ ይኑርበት። በሚቀጥለው ወቅት ደግሞ ከየፕሎቱ ጥቂት ዛላ በከረጢት ሸፍኑ፤ ወፍ ያልነካው ምርት ምን እንደሚመስል በእሱ ይለካል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኮምፒውተሩ ወገን ነው፤ እኔ በጣም የምወደው። አቀንጭራን የማያውቅ የማሽላ ገበሬ የለም። የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ የምትመጥ አረም ናት። ዘሯ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝታ ትቆይና ከሥሩ የሚወጣውን ኬሚካል ስታሸት ትበቅላለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከመቋቋሚያዎቹ ጀርባ ያለው አንዱ ጂን ታወቀ፤ ኤልጂኤስ1 ይባላል። ጂኑ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ሥሩ የሚያወጣው ኬሚካል ዓይነቱ ይቀየራል፤ አረሟም ዘሯ አይቀሰቀስም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በበርካታ መቋቋም በሚችሉ ዝርያዎች ውስጥ ጂኑ ተቆርጦ ጠፍቷል።

አሁን ይህን ወደ ዳታው አምጡት። የሌለ ጂን ስኒፕ የለውም። ፋይሉ ላይ «ባዶ» ሆኖ ነው የሚወጣው። እኛ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራችን ምንድን ነው? ባዶ የበዛበትን ስኒፕ መጣል። የትኛውንም የማስተማሪያ ጽሑፍ ብትከፍቱ «ከ20 በመቶ በላይ ባዶ ያለበትን አስወግድ» ዓይነት መስመር አለ። ቻትጂፒቲም ያንኑ ይጽፍላችኋል። በዚያች አንድ መስመር ስንፈልገው የኖርነውን ነገር ገና ሳናየው ልንጥለው እንችላለን። ስለዚህ ከማጥራታችሁ በፊት ባዶዎቹን ተመልከቱ። እዚህም እዚያም ተበታትነው ከሆነ የላብ ችግር ነው። በተወሰኑ ዝርያዎች ላይ ብቻ ጎረቤታም ስኒፖች ተከታትለው ባዶ ከሆኑ ግን እዚያ ቦታ ቆም በሉ። የጠፋ ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ለእኛ የበለጠ የሚያሳስበን ምክንያት አለው። ሁሉም ሰው ንባቡን የሚያስተካክልበት የማሽላ ማጣቀሻ ጂኖም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው፣ ቢቲኤክስ623 ከሚባል የአሜሪካ መስመር የተወሰደ ነው። የእኛ ገበሬ ማሽላ ደግሞ በዓይነቱ ሰፊ ነው። በድርቅም ጊዜ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበትን ባሕርይ ለዓለም ያቀበለው ቢ35 የሚባለው መስመር ራሱ ከኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘ ነው። ወሎ ውስጥ ገበሬው እሸቱን ሊበላ ብሎ ያቆያቸው እንደ ወተት በጉንጬ ያሉ ዝርያዎች ላይሲናቸው (ሰውነት የሚፈልገው የፕሮቲን ንጥረ ነገር) ከፍ ያለ መሆኑ ክሮፕ ሳይንስ በሚባል መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እንደዚህ ያሉ ዝርያዎች ያላቸው ነገር ሁሉ በአሜሪካው ማጣቀሻ ውስጥ አይገኝም። ማጣቀሻው ላይ የማያርፈውን ንባብ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ ሰውም ቦታ ለመቆጠብ ያጠፋዋል። አታጥፉት። የፖስትዶክ የራሳችሁ ጥያቄ ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

የት ልማር ለሚሉኝ ባጭሩ ልመልስ። ሊነክስ መጀመሪያ፣ አር ቀጥሎ፣ ፓይተን ከዚያ። የአውሮፓው የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ኢኤምቢኤል ኢቢአይ ነፃ የኦንላይን ትምህርት አለው፤ ጋላክሲ የሚባለው የትንተና ድረ ገጽ መማሪያዎችም ነፃ ናቸው። ዳታ ለመለማመድ ደግሞ የታተሙ የማሽላ ዳታዎችን ኤንሲቢአይ ከሚባለው የአሜሪካ የዘረመል መረጃ ማከማቻ ማውረድ ይቻላል። የመስክ ዳታውን ግን ማንም አያስተምራችሁም፤ እሱን መልካሳ ወይም ሚኤሶ ወርዳችሁ ነው የምትማሩት።

ስለ ስም ቅደም ተከተል ዝም ብዬ አላልፍም። ውጭ ካለ ቡድን ጋር ስትሠሩ የተለመደ ነገር አለ። ናሙናው ከእኛ፣ ማሳው ከእኛ፣ ትንተናውም አሁን አሁን ከእኛ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስም ግን ከእነሱ። አንድ ፕሮጀክት ላይ ረቂቁ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው እኛ ስማችን የት እንደተቀመጠ ያየነው። ክፋት አልነበረም፤ ማንም አስቀድሞ አልጠየቀማ። አሁን ሥራ ሲጀመር በመጀመሪያው የዙም ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። «ከዚህ ዳታ ስንት ፔፐር ይወጣል? የትኛውን እኔ እመራለሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ የተባባልነውን በኢሜይል እልካለሁ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ ዋጋ ያስከፍላል። ፈረንጁ በጥያቄው አይቀየምም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይገርመዋል፣ እስካሁን ባለመጠየቃችን።

ለሕትመት ክፍያም አትደናገጡ። ብዙ አሳታሚዎች ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጣ ጸሐፊ ክፍያ ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው ግን ጽሑፉን ስታስገቡ ነው የሚቀርበው፤ ከተቀበሉት በኋላ ብዙ ጊዜ አይሰሙም። ለማንበብ ደግሞ ተቋማችሁ ሪሰርች4ላይፍ በሚባለው የጆርናሎች ማንበቢያ ፕሮግራም በኩል መግቢያ እንዳለው የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ጠይቁ። ኖሮ የማይጠቀምበት ብዙ ነው።

ገንዘቡስ? ደመወዙ በብር ከሆነ ብቻውን አያኖርም፤ አዲስ አበባ መሀል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል። አብዛኞቻችን ማታ ማታ ወይም ቅዳሜ እናስተምራለን፣ ወይ የሰው ዳታ እንተነትናለን። የዳታ ትንተናውን ከተቀበላችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «እስቲ ትንሽ ነገር እይልኝ» ብሎ የመጣ የማስተርስ ተማሪ ሁለት ወር ሊወስድባችሁ ይችላል። ኧረ እንዲያውም አንዳንዱ ውጤቱ ደስ ካላለው ገንዘቡን አይከፍልም።

ቀጥሎ ወዴት ለሚለው ጥያቄ፣ ወደ ውጭ ለመውጣት የምታስቡ ከሆነ ቀናችሁን ቁጠሩ። የአውሮፓው ማሪ ክዩሪ የፖስትዶክ ድጋፍ ለምሳሌ ፒኤችዲ ካገኛችሁ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆናችሁ አይቀበልም። እዚህ በኮንትራት ላይ ኮንትራት እየተፈራረመ ጊዜው ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። መቅረትም ያስኬዳል፤ የምርምር ማዕከላቱ የጂኖም ዳታ የሚያነብ ሰው አጥተው ነው ያሉት።

የመጨረሻው ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። በማግስቱ የተቋሙ ኢሜይል ይዘጋል፤ የሰርቨሩ መግቢያም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። ኮዱን በራሳችሁ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ። ጆርናሎች ላይ ያለውን ኢሜይላችሁን ወደ ግል ቀይሩ፤ ሪቪው ሲመጣ የሚደርሳችሁ በዚያ ነው። ዳታው የማን እንደሆነና ምን ይዛችሁ መውጣት እንደምትችሉ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ለሚተካችሁ ሰው ደግሞ አንድ ገጽ ጻፉ፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው የዝርያ ቁጥር ከየትኛው ከረጢት ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው ፕሎት ለምን እንደተጣለ። የጋሼንም ስልክ ቁጥር፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ ከላይ አድርጉት።